ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የተለከፈ አይደለም

ልጅ ሲወለድ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ስም ያወጣለታል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ እናቱ ያንን ስም ስትጠራ ሕፃኑ ዞር ብሎ ፊቷን ያያል፤ ፈገግም ይላል። ይህ ትንሽ ነገር ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ የማያመለክት፣ ከሰው ፊት ይልቅ የሚሽከረከር ክዳን ሲያይ መዋል ደስ የሚለው ሕፃን በየአገሩና በየመንደሩ አለ። ጆሮው ደኅና ነው፤ የክዳኑን ኮሽታ ከጓሮ ሆኖ ይሰማዋል። ጎረቤቱ ግን አንዱ «ዲዳ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጅን ነክቶታል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእናቱን ኃጢአት ይቈጥራል።

ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ይህ ሕፃን ነው። ሐኪሞች ያለበትን ሁኔታ ኦቲዝም ብለው ይጠሩታል። ነገሩ በሩቅ አገር ብቻ የሚገኝ ወይም የአዲስ አበባ ሰዎች ጭንቀት ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ ንግግራችንን በአንድ በምናውቀው አገር፣ በከሚሴና በዙሪያዋ ላይ እናቆማለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሚሴ በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከኮምቦልቻ ሳይደረስ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ይዞ፣ ማሽላ የሚያበቅል፣ ከብት የሚያረባ፣ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪና ሙስሊም የሆነ ሕዝብ ይኖርበታል። ይህም ሕዝብ ከአማራው፣ ከአርጎባውና ከአፋሩ ጋራ በገበያም በጋብቻም የተሳሰረ ነው፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል።

በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ ከ457 ሺህ በላይ ሰው ተቈጥሮአል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገልጻል። ግምቱ ለዚህ አገር ይሠራል ብንል፣ በዚያ በቀድሞው ቈጠራ ልክ እንኳ በዞኑ ውስጥ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ያህል ሕፃናትና ጐልማሶች ይኖራሉ ማለት ነው። ይህ የእርሳስና የወረቀት ስሌት እንጂ ቈጠራ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም የስሌቱ ግማሽ እንኳ እውነት ቢሆን፣ እነዚህ ሰዎች የት ናቸው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በትምህርት ቤት አይታዩም፤ በገበያ አይታዩም፤ በሰርግና በለቅሶ አይታዩም። ያልተቈጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይመደብለትም፤ ወንበርም አይያዝለትም።

ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ያሻልና ምልክቶቹን እንዘርዝር። ኦቲዝም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ አእምሮ ከማሕፀን ጀምሮ በተለየ መንገድ በማደጉ የሚመጣ ሁኔታ ነው። ምልክቶቹም በሁለት ወገን ይታያሉ። የመጀመሪያው ከሰው ጋራ በመግባባት ረገድ ያለው ችግር ነው። ሕፃኑ ዓይን ለዓይን አይተያይም፤ ደስ ያለውን ነገር ለሌላው ለማሳየት አይጠቁምም፤ ንግግሩ ይዘገያል ወይም ጨርሶ አይመጣም። ቢናገርም የተባለውን መልሶ ይደግመዋል፤ «ውኃ ትፈልጋለህ?» ሲሉት «ውኃ ትፈልጋለህ» ብሎ ይመልሳል። ከእኩዮቹ ጋራ ሆኖ አንዱ እንግዳ አንዱ ባለቤት መስሎ የሚጫወተውን የዕቃ ዕቃ ጨዋታ አያውቅበትም።

ሁለተኛው አንድን ነገር መላልሶ ማድረግና ለውጥን አለመውደድ ነው። ድንጋዩን ወይም የቆሎውን ፍሬ በተርታ ይደረድራል፤ አንዱ ከቦታው ቢነሣ ያለቅሳል። እጁን ያርገበግባል፤ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፤ ወደ ወንዝ የሚወርድበት መንገድ ቢለወጥበት መሬት ላይ ይወድቃል። የወፍጮው ድምፅ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ የሰርጉ ጭብጨባ ለሌላው ተራ ነገር ሲሆን ለእርሱ ጆሮ የሚወጋ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ጕልበቱ ቈስሎ ሳያለቅስ የሚውልም አለ። ከሁለትና ከሦስት ዓይነት ምግብ በቀር የማይቀምስ፣ ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ የማይወስደውም ብዙ ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን የሚጠቅሙ ጥቂት የዕድሜ ድንበሮች አሉ። በ12 ወር የማይንተባተብና ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ16 ወር አንዲት ቃል የማይናገር፣ በ18 ወር በጣቱ የማያሳይ፣ በ24 ወር ሁለት ቃል አጣምሮ የማይናገር፣ ወይም በማናቸውም ዕድሜ የነበረውን ንግግር ያጣ ሕፃን መታየት ይገባዋል። መታየቱ የሚጀምረውም ከጆሮው ነው፤ በእውነት የማይሰማ ልጅ እንደ ኦቲዝም ልጅ ሊመስል ይችላልና። የሚጥል በሽታም ከኦቲዝም ጋራ አብሮ ሊገኝ ይችላል፤ ለእርሱ ግን የሚረዳ መድኃኒት ስላለ ሕፃኑ ያለ ሕክምና መቅረት የለበትም። የተለዩት ወንዶች ከሴቶቹ ሦስትና አራት እጥፍ ይበልጣሉ፤ ሆኖም ዝምተኛ ሴት ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ሳትታወቅ የምትቀርበት ጊዜ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። አንዱ ከሌላው እጅግ የተለየ ነው። ከፊሉ የዕውቀት ዝግመት አለበት፤ ከፊሉ ከእኩዮቹ እኩል ይማራል፤ ጥቂቱም በማስታወስ ወይም በቊጥር እኩዮቹን ይበልጣል።

ኦቲዝም ራሱን ችሎ በስም የታወቀው በ1943 ነው። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር አሥራ አንድ ሕፃናትን፣ ስምንት ወንዶችንና ሦስት ሴቶችን፣ መርምሮ ጠባያቸውን ጻፈ። ካነር ሲጽፍ አንድ ነገር ተመለከተ፤ የእነዚህ ሕፃናት ወላጆች ሁሉ ማለት ይቻላል የተማሩና ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚህም የተነሣ ኦቲዝም የሀብታምና የምሁር ቤት ሕመም ነው የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ኖረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ይዞ እስከ ባልቲሞር ድረስ ሄዶ እንዲህ ያለ ሐኪም ለማግኘት የሚችለው የተማረና ገንዘብ ያለው ብቻ ስለ ነበረ ነው። በኋላ ጊዜ ምርመራው ወደ ሕዝቡ ሲወርድ፣ ሁኔታው በድኻውም በሀብታሙም፣ በጥቊሩም በነጩም ቤት ተገኘ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለእኛም አገር ትምህርት ስለሚሆን ነው። በኢትዮጵያ የልጆችን አእምሮ የሚያክሙት ክሊኒኮችና የኦቲዝም ማእከሎች በአብዛኛው በአዲስ አበባ ተሰብስበዋል። ወደዚያ የሚደርሰውም የከተማው ልጅ ነው። ከደዌ ሐረዋ ገጠር የምትነሣ አንዲት እናት ግን መጀመሪያ እስከ አውራ ጎዳናው ልጇን አዝላ ትሄዳለች፤ ጩኸት የማይችለውን ልጅ በሰው በተጨናነቀ አውቶቡስ ታሳፍረዋለች፤ ከደረሰች በኋላም ማደሪያና ምግብ መክፈል አለባት። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡ ያልቃል። እርስዋ ባለመድረሷ በመዝገቡ ላይ የደዌ ሐረዋ ልጅ አይኖርም፤ መዝገቡን የሚያነብ ሹም ደግሞ በዚያ አገር ኦቲዝም የለም ብሎ ያስባል። ድኽነት ኦቲዝምን አያመጣም፤ ነገር ግን ኦቲዝም ያለበት ልጅ ምን እንደሚደርስበት የሚወስነው ብዙ ጊዜ ድኽነት ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ የከፋው በእናት ላይ የተነሣው ክስ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሐኪሞች «ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው» እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ሰው በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አሰራጨው። ከእርሱ አስቀድሞ በ1964 ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ነገሩ ከአእምሮ ተፈጥሮ የመጣ መሆኑን ጽፎ ተቃውሞ ነበር። በ1977 መንትዮች ላይ የተደረገ ምርመራም የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ዛሬ ሊቃውንቱ በዚህ ላይ አይለያዩም። እኛም አገር ክሱ አለ፤ እዚያ «ቀዝቃዛ እናት» ሲሉ፣ እዚህ «እርግማን»፣ «የኃጢአት ዋጋ» ይባላል። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ክሱ አንድ ነው፤ ተከሳሿም ያችው አንዲት እናት ናት።

ሁለተኛው ሐሰተኛ ወሬ የክትባት ነው። በ1998 በለንደን አንድ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋራ በአሥራ ሁለት ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋራ ግንኙነት እንዳለው የሚያስመስል ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ፤ የሐኪምነት ፈቃዱም ተነጠቀ። በዴንማርክ ከ657 ሺህ በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2019 የታተመው ምርመራ ምንም ግንኙነት አላገኘም። ወሬው ግን ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ በሚኔሶታ የሚኖሩትን የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን ስለ ያዘ፣ ብዙዎች ልጆቻቸውን ከክትባት አስቀርተው በ2017 የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሣባቸው። ኩፍኝ ሕፃን የሚገድል በሽታ ነው። ስለዚህ ይህን ወሬ ከውጭ ያመጣ ዘመድ ቢኖር፣ በአክብሮት ነገር ግን በጽኑ ሊመለስለት ይገባል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ከቤት ወደ አደባባይ ያወጣችው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናት። ወይዘሮ ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሳ በአዲስ አበባ የውበት ሥራ ትምህርት ቤት ከፍታ የምታስተዳድር ሴት ነበረች። ልጇ ኦቲዝም ስለ ነበረበት ትምህርት ቤቶቹ አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ መለሱባት። እርስዋም በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቋመች። በአማርኛ ፊደል ድምፅ ላይ የተመሠረተ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። ከሁሉ ይልቅ ግን «ይህ የእኔ ልጅ ነው» ብላ በሕዝብ ፊት መናገሯ ብዙ እናቶችን ከተደበቁበት አወጣ። በ2021 ከዚህ ዓለም ብትለይም ሥራዋ አልሞተም፤ ከእርስዋ በኋላ የተከፈተው የነህምያ ማእከልም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቶቻችንም ጉዳዩን መርምረውታል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ያመጡ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ከመቶ 40 ያህሉ መንስኤው መንፈስ ነው ብለው ያስባሉ፤ ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ልጃቸውን ወደ ሐኪም አምጥተዋል። ከሁሉ በላይ ምን ይጐድላችኋል? ተብለው ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የመለሱት ትምህርት ነው። ሕክምናና ገንዘብ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መልስ ለማንኛውም የትምህርት ሹም የሚበቃ ደብዳቤ ነው እንላለን።

ወደ ከሚሴ እንመለስ። በወሎ ምድር ሰው ሲጨንቀው ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያኑም ወደ ጠበል ይሄዳል። ይህን የሚነቅፍ ሰው የአገሩን ልብ አያውቅም። ዱዓና ጸሎት እናትን ያጽናናል፤ ጎረቤትንም ይሰበስባል። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ጅኑ ይወጣል ተብሎ ሕፃን ሲገረፍ፣ ሰውነቱ በጋለ ብረት ሲተኰስ፣ ጢስ ሲታጠን፣ ይህ እምነት ሳይሆን ጉዳት ነው። የሃይማኖት አባቶችና ሸሆች ይህን አንዲት ቃል በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ቢናገሩ፣ መቶ ማስታወቂያ ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል። በዘመናዊው ወገን ደግሞ «የኦቲዝም መድኃኒት አለኝ» እያለ ጠርሙስና ክኒን የሚሸጥ ይመጣል፤ ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለምና ይህም ሰው ያው ነው።

ሌላም ለዚህ አገር ተለይቶ መነገር ያለበት ነገር አለ። በከሚሴና በባቲ ልጅ በእናቱ ቤት ኦሮምኛ፣ በሱቅ አማርኛ፣ በገበያ ሌላ ቋንቋ እየሰማ ያድጋል። ንግግሩ ሲዘገይ «ቋንቋ በዝቶበት ነው፤ ይደርሳል» ይባላል። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅም ሁለት ቋንቋ ስለ ሰማ ሁኔታው አይብስበትም። እናት ልጇን በምታስብበትና በምታለቅስበት ቋንቋ ማናገር አለባት፤ ለእርስዋ የሚሰጠውም ምክር በዚያው በኦሮምኛዋ ሊደርሳት ይገባል። «ይደርሳል» እየተባለ የሚያልፈው ሁለትና ሦስት ዓመት፣ ልጁ ከምንጊዜውም ይልቅ ሊማርበት የሚችለው ዘመን ነው።

አሁን አንድ ከባድ ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ በቤት ውስጥ ታስረው ወይም ተዘግቶባቸው ይውላሉ። ይህን የሚሰማ ወጣት ባለሥልጣን ፈጥኖ ወላጁን ይኮንናል፤ ነገር ግን ፍርዱን ጥቂት ያቈየው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አደጋን ሳያውቅ ከቤት ወጥቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ውኃም ብዙ ጊዜ ይስበዋል። በአንድ በኩል የጭነት መኪና የሚበርበት አውራ ጎዳና፣ በሌላ በኩል ቦርከና ባለበት አገር፣ ውኃ ለመቅዳትና ማሽላ ለመሸጥ የምትሄድ ብቸኛ እናት ገመዱን የምታስረው ከጭካኔ ሳይሆን ልጇን በሕይወት ለማግኘት ብላ ነው። በ2021 ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ፣ ሰው ልጁን ይዞ ሲሸሽ፣ የመንገድ መለወጥ እንኳ የሚያስጨንቀው ልጅ ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይበቃል። ስለዚህ «ፍቺው» ማለት ብቻውን ትእዛዝ አይደለም። ገመዱ የሚፈታው ለሁለት ሰዓት ልጁን የሚይዝላት ሌላ ሰው ሲገኝ፣ ግቢው ሲታጠር፣ መንደሩም ልጁን አውቆ ሲመልሰው ነው።

መንደር ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ካነር ከመረመራቸው አሥራ አንድ ሕፃናት የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል፤ የተወለደው በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ወላጆቹ በሐኪም ምክር ከቤት አርቀው ተቋም አስገቡት፤ በዚያም እየደነዘዘ ስለ ሄደ መልሰው ወሰዱት። በኋላ በገጠር ከአንድ ገበሬና ከሚስቱ ጋራ አኖሩት። ልጁ ነገርን ሁሉ መለካት ይወድ ነበር፤ ገበሬው «ተው» አላለውም፤ ጕድጓድ ቈፍሮ ጥልቀቱን እንዲለካ አደረገው። ቊጥር ይወድ ነበር፤ በእርሻው ላይ እያረሰ የበቆሎውን ተርታ እንዲቈጥር አደረገው። ልጁ አድጎ ተማረ፤ በከተማው ባንክ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ብቻውን ዓለምን ዞረ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ ባለጸጋ ስለ ነበር ብዙ ነገር ተቃንቶለታል፤ ይህን አንሸሽግም። ገበሬው ያደረገው ግን ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የልጁን ጠባይ አይቶ ከሥራ ጋራ አገናኘው። ይህን የጨፋ ገበሬ አይችልም የሚል ማነው? ድንጋይ በተርታ የሚደረድር ልጅ የሽንኩርት ችግኝ በመስመር ሊተክል ይችላል፤ የሰማውን የሚደግም ልጅም በቁርአን ቤት ከእኩዮቹ ጋራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቀራ ቦታ ያገኛል።

እንግዲህ በእጃችን ያለው መሣሪያ ምንድነው? በከሚሴ ሆስፒታል አለ፤ በደሴ ከፍ ያለ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ከእነዚህ በፊት ግን በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ይህ ሥርዓት በ2003 ተጀምሮ እስከ ጤና ኬላ ድረስ ወርዶአል። እነዚህ ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ የተዘጋውን በር የሚያንኳኩት እነርሱ ናቸው። ስለ ኦቲዝም አጭር ሥልጠና የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋራ ያነጻጸረ የአገራችን ጥናት፣ የሠለጠኑት ከልጆቹ የመራቅ ጠባያቸው እንደሚቀንስ አሳይቶአል። ነገር ግን አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገርም ተገኘ፤ በስፋት የሠለጠኑት ልጁ ወደፊት ሊሠራ ስለሚችለው ነገር ያላቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ይልቅ ዝቅ ብሎ ታየ። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ ማስተማር አይበቃም፤ ልጁ ሊማር እንደሚችልም አብሮ ማስተማር ያሻል።

የዓለም የጤና ድርጅትም ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን ተሞክሮአል። ሥልጠናው ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊሰጠው ይችላል። እናቲቱ ልጁ በሚወደው ጨዋታ ውስጥ ገብታ እንድትጫወት፣ በአጭር ቃልና በምልክት እንድትናገር፣ መብላትንና መልበስን በትንሽ በትንሹ ከፍላ እንድታስተምር፣ ልጁም ከመጮኹ በፊት ምን እንደ ፈለገ እንድታስተውል ይረዳታል። የራስዋን ድካምም እንድትጠብቅ ይመክራታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበሮችና የሠለጠነ አንድ ሰው ነው።

በወሎ ቅሬ የማይገባ ቤት የለም። ቅሬ ሬሳ የሚያነሣው ሕያው ሰው ብቻውን ስለማይችል ነው፤ ብቻዋን የማትችለውን እናት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ማሳረፍም የዚሁ ሥራ ወገን ነው። ደም የሚያስታርቁት አባጋሮች ቃላቸው ይሰማል፤ «የተለየ ልጅ መሳለቂያ አይሁን» ብለው ቢናገሩ ማን ይጥሳል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ በእረፍት ጊዜ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ጨፋ ሮቢት ስትመለሱ የምትይዙት ዕውቀት ለፈተና ብቻ አይሁን። በጎረቤት ያለውን ልጅ አይታችሁ፣ እናቱን ሳታሳፍሩ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ተምረናል፤ አብረን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ብትሉ አንድ ቤት ይከፈታል። ልጁን «እብድ» እያሉ ድንጋይ የሚወረውሩትን ታናናሾቻችሁንም መገሠጽ የእናንተ ፈንታ ነው።

ወጣት ሹማምንትም በተመደባችሁበት ወረዳ የሚጠብቃችሁ ሥራ ግልጽ ነው። የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው እንዲደርስ ያዝዛል፤ ኢትዮጵያ በ2010 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ግን ለሰነፍ ሹም መደበቂያ መሆን የለበትም። መዝገብ መክፈት አቅም ይጠይቃልን? የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ልጁን «አይሆንም» ብሎ ሲመልስ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግስ? ለአንድ መምህር የጥቂት ሳምንት ሥልጠና መፈለግ፣ ልጁን ከጩኸት ራቅ አድርጎ በአንድ ቋሚ ቦታ ማስቀመጥ፣ የቀኑን ሥራ በሥዕል አስቀድሞ ማሳየት፣ ይህ ሁሉ ከቢሮ ወጪ አያልፍም።

በያመቱ ሚያዝያ 2 ቀን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የዓለም የኦቲዝም ቀን ይከበራል። በአዲስ አበባ ንግግር ይደረጋል፤ ያም መልካም ነው። እኛ ግን የምንመኘው በዚያ ቀን በዞኑ ያሉ ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው አንዲት ገጽ ወረቀት ለከሚሴ እንዲልኩ ነው። በወረቀቱ ላይ በቀበሌው ስንት እንዲህ ያሉ ልጆች እንዳሉ፣ ስንቱ ጆሮአቸውን እንደ ተመረመሩ፣ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደ ገቡ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ቊጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ሕመሙ በዛ ብለን አንደነግጥም፤ የተዘጉት በሮች መከፈታቸውን እንረዳለን።